የአዴ አውራ ጣት

ሹሩባ የምትሠራኝ ሴት አዲስ ከሆነች አንድ ቦታ ላይ ስትደርስ ግራ ይገባታል። ከቀኝ ጆሮዬ ኋላ፣ ከማጅራቴ ትንሽ ከፍ ብላ፣ መዳፍ የምታህል ቦታ አለች። ሌላው ጋ ጸጉሬን ስትጎትተው «ኧረ ቀስ!» እያልኩ ቤቱን እረብሻለሁ፤ መጮህ ልማዴ ነው። እዚያች ቦታ ላይ ስትደርስ ግን ዝም እላለሁ። «አላመመሽም?» ትለኛለች። «እዚያ ማንም የለም፤ እንደፈለግሽ ጎትቺ» እላታለሁ። ትስቃለች። እኔም አብሬያት እስቃለሁ፤ ሐሳቤ ግን ሮቤ ሄዷል።

ለመምህርነት ዕጣ ስናወጣ ባሌ ዞን የደረሰኝ ከኮሌጅ በወጣሁበት ዓመት ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ሆና «የባሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል አሉ» ብላ አለቀሰች፤ ደብረ ማርቆስ ተወልዶ ያደገ ሰው ብርድ የሚያስፈራው ይመስል። ሮቤ ከተማ ስገባ ስንዴው ደርሶ ነበር። ኮምባይነሮቹ በዋናው መንገድ ላይ እንደ ባለሥልጣን እየተጎማለሉ ሲያልፉ፣ የፈረስ ጋሪዎቹና ገና በቅርቡ የመጡት ባጃጆች ጥግ ጥጉን ይዘው ያሳልፏቸዋል። ጋሪ ነጂዎቹ ባጃጆቹን ይሰድባሉ፣ ባጃጆቹ ፈረሶቹን ያስደነብራሉ። ወዲያው ወደድኳት።

የተከራየሁት ክፍል የአንዲት ቅቤ ነጋዴ ግቢ ውስጥ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው በየፊናቸው የሄዱ፣ ቀጠን ያሉ ሙስሊም ሴት ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ አዴ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ እናቴ እንደ ማለት ነው። እኔም አዴ አልኳቸው። የገበያ ቀን ከጎባ በላይ ካለው ደጋ በፈረስ የሚወርዱ ሴቶች ቅቤያቸውን ለእሳቸው ያስረክባሉ። አዴ ቅቤ የሚገዙት በዓይን አይደለም። አውራ ጣታቸውን ቅቤው ውስጥ ሰካ ያደርጉና ጥቂት ያቆዩታል፤ ውሃ የበዛበትን፣ የከረመውን፣ ሌላ ነገር የተቀላቀለበትን በዚያው ይለያሉ። ሻጯ ብትምል ብትገዘት አይሰሟትም። «ጣቴ ነግሮኛል» ነው መልሳቸው።

ራሴን ማመም የጀመረኝ በሁለተኛው ዓመት ነው። ሁልጊዜ የሚነሳው ከአንድ ቦታ፣ ከማጅራቴ በስተቀኝ ነበር። ከዚያ እንደ ጋለ ሽቦ በአናቴ ላይ ዞሮ ይመጣና ከቀኝ ዓይኔ ኋላ ይቆማል። ሲነሳ ቀኑን ሙሉ አይለቀኝም፤ አንዳንዴም ሳምንቱን። ሳልታመም እንኳ ቁጡ ነኝ፤ ሕመም ሲጨመርበት ምን እመስል እንደነበር የዚያን ጊዜ ተማሪዎቼ ይናገሩ።

ያልሞከርኩት የለም። አንዱ ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለኝ፤ ሌላው ታይፎይድና ታይፈስ ነው ብሎ ጨመረበት። ሳይነስ ነው ያለኝ አለ፣ ጨጓራ ነው ያለኝ አለ፣ መነጽር ያዘዘልኝም አለ። ጎረቤቶቼ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ። ጸበል ተጠመቅሁ። የአዴ ጓደኞች ተሰብስበው ዱዓ አደረጉልኝ። በሁለት ሃይማኖት ተጸልዮልኝም ራሴ ከልቡ አልተመለሰም።

ሁሉም የተስማሙበት ነገር ብርድ ነው የሚለው ብቻ ነው። ስለዚህ ሁሉም «እሰሪው» አሉኝ። አዴ በየጠዋቱ ሻሼን ጠፍረው ያስሩልኛል፣ ከላዩ ወፍራም ፎጣ እጠመጥማለሁ፣ እንዲያ ሆኜ ክፍል እገባለሁ። ቋጠሮው የሚያርፈው ልክ ሕመሙ የሚነሳበት ቦታ ላይ ነበር። ተማሪዎቼ «ቲቸር ሻሽ» የሚል ስም አወጡልኝ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ከኋላ ወንበር ስሙን ከሰማሁ ዞሬ ጠመኔ እወረውራለሁ፤ አንድም ቀን የፈለግሁትን ልጅ አግኝቼው አላውቅም።

ደህና የሚያደርገኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። አመሻሹ ላይ አዴ ከገበያ ተመልሰው፣ ታጥበው፣ ሰግደው ሲያበቁ ወደ ክፍሌ ይመጣሉ። እኔ የእንጨት ዱካ ላይ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው አልጋዬ ጫፍ ላይ ሆነው ከኋላዬ። ሻሹን ይፈቱልኝና በግራ እጃቸው ግንባሬን ደግፈው፣ በቀኝ አውራ ጣታቸው ያንን ቦታ ይጫኑታል። «ቢስሚላህ» ይላሉ። መጀመሪያ እጮሃለሁ። ቆየት ሲል ሕመሙ ሳይወድ በግዱ ገለል ይላል፤ አዴም ጣታቸውን ሳያነሱ የገበያውን ወሬ ያወሩልኛል። ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ የማን ፈረስ የማንን ጎመን እንደበላ፣ የትኛዋ ሴት የከረመ ቅቤ እንደ ለጋ ልትሸጥላቸው ሞክራ እንዳፈረች። እጃቸው ታጥቦም ቅቤ ቅቤ ይላል። በመጨረሻ «ረቢ ሲ ሃ ፈይሱ» ይሉኛል፤ አላህ ይማርሽ ማለታቸው ነው። ሕመሙን እጠላው ነበር። ያንን ሰዓት ግን ቀኑን ሙሉ እጠብቀው ነበር።

እናቴ በስልክ አልተኛ አለች። «ያ አገር ነው የያዘሽ፤ ዝውውር ጠይቂና ነይ!» ትለኛለች። ማስተማር እያቃተኝ ስለነበር ምን ብዬ ልከራከራት? በዓመቱ መጨረሻ ካልተሻለኝ እንደምመጣ ቃል ገባሁላት። ስልኩን ዘግቼ ግን ተናደድኩ። እኔ የምፈልገው ሕመሙ ትቶኝ ሮቤ መቅረት ነው፤ የተፈረደብኝ ሮቤን ትቼ ከሕመሙ ጋር መሄድ ነው። ለአዴ ነገርኳቸው። የዚያን ቀን ጣታቸው ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ማጅራቴ ላይ ቆየ።

ከአዲስ አበባ መጥቶ ለተወሰነ ጊዜ ጎባ የሚሠራ ቀዶ ሐኪም እንዳለ የነገረኝ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ነው። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለራስ ምታት ብዬ ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አዴ «ብቻሽን አለቅሽም» ብለው ገበያቸውን ትተው አብረውኝ መጡ። ጎባ ከሮቤ ቅርብ ናት፤ ብርዷ ግን የሌላ አገር ነው። ወረፋ ስንጠብቅ አዴ ነጠላቸውን በእኔ ፎጣ ላይ ደርበው ጠቀለሉኝ፤ ሰው ሁሉ እኔን ትቶ ጥቅሉን ያይ ነበር።

ሐኪሙ በእኔ ዕድሜ የሚሆን፣ የማይቸኩል ሰው ነው። ጥቅሉን አንድ በአንድ አስፈታኝና ቋጠሮው ጋ ሲደርስ «ይህን እዚህ ማሰር ተዪ፤ የታመመውን እያነቅሽው ነው» አለኝ። ከዚያ ጣቱን ማጅራቴ ላይ እያንሸራተተ መጥቶ አንድ ቦታ ቆመና ተጫነው። ጮህኩ። ሕመሙ እስከ ዓይኔ ተወነጨፈ። ያንን ቦታ ከአዴ በቀር የሚያውቅ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ እጆች አንድ ቦታ ላይ ከተገናኙ እንግዲህ ሕመሙ እውነት ነው፣ እኔም አላበድኩም። አለቀስኩ። ሐኪሙ ያመመኝ መስሎት ይቅርታ ጠየቀኝ።

ከአንገት ወጥቶ፣ በማጅራት ጡንቻ መሃል አልፎ፣ ወደ ራስ ቆዳ የሚሄድ ነርቭ አለ አለን። የእኔ የሚያልፍበት መንገድ ጠቦ ነርቩን ጨምቆታል። አዴ አገጫቸውን ይዘው በጥሞና ሰሙትና «ገባኝ» አሉ። «ፈረስ እግሩ ጠብቆ ሲታሰር ያነክሳል። ሰው ሰኮናውን ያያል፤ ጥፋቱ ግን የገመዱ ነው።»

«ልክ ነው፣ እማማ። እኛም ገመዱን ነው የምናላላው» አላቸው።

በመጀመሪያ ግን መሞከሪያ መርፌ ነበረው። ቦታውን ለጊዜው ያደነዝዘዋል፤ ሕመሙ ከጠፋ ጥፋተኛው ያ ነርቭ ነው ማለት ነው፤ በማግስቱ ተመልሼ ለምን ያህል ጊዜ እንደለቀቀኝ እነግረዋለሁ። ይህን ሁሉ በግልጽ አስረድቶን ወጋኝ። ጥቂት ቆይቶ ሕመሙ ሄደ። ሌት ተቀን ሲጮህ የኖረ የጎረቤት ወፍጮ ድንገት ሲቆም እንዴት ነው? እንደዚያ ነው። ከራሴ ውጭ ያለውን ዓለም እንደ አዲስ ሰማሁት።

«አዴ፣ ለቀቀኝ» አልኳቸው።

አዴ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው «አልሐምዱሊላህ!» ሲሉ ነርሷ ደነገጠች። ለካ ቆላ ላይ መቃብሩ ለሚሳለመው ወሊ፣ ለሼክ ሁሴን፣ ስለት ተስለው ኖሯል። «የዚህችን ልጅ ራስ ከለቀቅህላት አንድ ማሰሮ ለጋ ቅቤ ራሴ ተሸክሜ አመጣልሃለሁ» ብለው። ስለት ከሰመረ ደግሞ ማሳደር ነውር ነው። በዚያ ላይ ወቅቱ የጉዞ ነበር፤ ከየአገሩ የመጡ ተጓዦች በአይሱዙ እየተጫኑ በሮቤ በኩል ወደዚያው ይጎርፋሉ።

«አዴ፣ መሞከሪያ ነው እኮ ያለን! ለጊዜው ነው።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ እኛስ ለጊዜው አይደለንም እንዴ? የተሰጠሽን ተቀበዪ።»

የሂሳብ መምህር ነኝ። ሥራውን ሳያሳይ መልሱን የጻፈ ተማሪ ዜሮ ነው የምሰጠው። የዚያን ቀን ግን ራሴን አላመመኝም፤ ከስንት ጊዜ በኋላ ራሱን ያላመመው ሰው ደግሞ የነገሩትን ሁሉ ያምናል። በማግስቱ ጠዋት ጎባ መሄድ ሲገባኝ፣ አይሱዙ ላይ ከተጓዦች ጋር ተጭኜ ወደ ጎሮ እየወረድኩ ነበር።

አዴ ማሰሮውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በጉልበቶቻቸው መሃል ይዘዋል። ተጓዦቹ ጫፉ እንደ መንታ የተከፈለውን በትራቸውን አቁመው ለሼኩ ውዳሴ ያዜማሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ክርስቲያን ነኝ፣ ዜማውንም አላውቀው፤ ግን ራሴን አላመመኝምና አጨበጨብኩ። የደጋው ብርድ እየቀረ፣ ስንዴው እያለቀ፣ ቁጥቋጦና ቀይ አቧራ መጣ። ፎጣዬን አወለቅሁ፣ ሻሼን ፈታሁ። ነፋሱ ጸጉሬ ውስጥ ገባ። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ያለኝ ጊዜ ጥቂት ነው።

ጊኒር ከተማን አለፍ እንዳልን ማጅራቴ ላይ አንድ ነገር ነካ አደረገኝ። አቧራው ነው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ያ ሽቦ የለመደውን መንገድ ይዞ በአናቴ ላይ መጣና ዓይኔ ኋላ ቆመ።

«አዴ፣ መጣ።»

ምን መጣ ብለው አልጠየቁኝም። ፊታቸው ሲጠቁር አየሁት። ማሰሮውን ለጎናቸው ሴት አሲዘው፣ በሚንገጫገጨው መኪና ላይ ግንባሬን ደግፈው ጣታቸውን ቦታው ላይ አሳረፉ። ዙሪያችን ሰው ይዘፍናል። እኔ አለቅሳለሁ። ጋሪው ከፈረሱ ቀድሞብን ነበር። «እንመለስ» ስላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ቅቤው ከቤት ወጥቷል። የወጣ ስለት ወደ ኋላ አይመለስም።»

ሼክ ሁሴን ደርሰን፣ በነጭ የተቀቡት ግንቦች ጋ ጫማችንን አውልቀን ገባን። አዴ ማሰሮውን አስረከቡና እጃቸውን ዘርግተው ቆሙ። ሌላው ተጓዥ በለቅሶ ነበር የሚለምነው፤ አዴ የተናገሩት ግን ገበያ ላይ ከደንበኛ ጋር እንደሚነጋገሩት ነው። «ያ ሼክ ሁሴን፣ እኔ የኔን አምጥቻለሁ፤ ለጋ ነው፣ ራሴ ነኝ የመረጥኩት። አንተ ግን የሰጠኸኝን መንገድ ላይ መልሰህ ወሰድክ። እንግዲህ ቀሪው አንተ ጋ ነው።» ከዚያ ተጓዡ ለበረከት የሚወስደውን ነጭ አፈር ቆንጥረው ማጅራቴን ቀቡኝ። ሕመሙ አላላኝም፤ ሳቅ ግን መጣብኝ። በዚያ ሁሉ ሰው መሃል ቆሜ ሳቅሁ።

ጎባ ስንመለስ ሐኪሙ ቀጠሮዬን በማሳለፌ ተቀይሞ ነበር። ጸጉሬን ገለጥ አድርጎ ነጩን አፈር ሲያይ «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» አለ።

«የሼክ ሁሴን አፈር ነው» አሉ አዴ። «ስለቱን አድርሰናል። የቀረው ያንተ ነው፤ እንዳታሳፍረን።»

ሐኪሙ ተራ በተራ አየን። «ሳላክማት ምስጋናው ደረሰ ማለት ነው?» አለና ሳቀ። ከዚያ ካርዴን ስቦ «ለመሆኑ መርፌው ምን ያህል ጊዜ ያዘልሽ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እስከ ጊኒር» አልኩት።

ካርዱ ላይ ምን ብሎ እንደጻፈው አላውቅም። ቦታው ተገኝቷል አለን። ማጅራቴን ከፍቶ፣ ነርቩን ከጨመቀው ጡንቻ መሃል ነጻ ያወጣዋል። ሊሻለኝ ይችላል፤ እርግጠኛ ግን መሆን አይቻልም። አንድ ነገር ደግሞ አስጠነቀቀኝ፤ ከጆሮዬ ኋላ ያለው ቆዳ ሊደነዝዝ ይችላል፣ ስሜቱም ላይመለስ ይችላል።

«ይደንዝዝ!» አልኩት በቁጣ። «ከፈለጉ ቆርጠው ይጣሉት።»

አዴ ግን «መደንዘዝ ምንድን ነው? ሲነኩት አታውቅም ማለት ነው?» ብለው ሐኪሙን ጠየቁት። እንደዚያ ነው አላቸው። አዴ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «ይሁን» አሉ። «ሮቤ ትቅርልን እንጂ ይሁን።»

ከኦፕራሲዮኑ የማስታውሰው ጥቂት ነው። የማጅራቴን ጸጉር ላጩት፤ በደረቴ አስተኙኝ፤ የሐኪሙ ድምፅ ከላዬ ሆኖ እየራቀ ሄደ። ስነቃ ቁስሉ ያመኝ ነበር፤ ግን የቁስል ሕመም ሌላ ነው፣ ሰው የሚረዳው ሕመም ነው። ያኛው የለም። በማግስቱም የለም። ሲድን፣ ስፌቱ ሲወጣ፣ ጸጉሬ ሲበቅልም የለም። ሰግቼ ጠበቅሁት፣ አልመጣም። እናቴ «በይ ዝውውሩን ተዪው» ብላ ስልክ ላይ እልልታዋን አቀለጠችው። ያለ ሻሽ ክፍል የገባሁ ቀን ተማሪዎቼ አላወቁኝም፤ የኋላ ወንበር ልጆችም ስም አጥተው ዝም አሉ።

አንድ ምሽት አዴ እንደ ድሮው ሰግደው መጡ። እኔም እንደ ድሮው ዱካዬ ላይ ነበርኩ፤ ማንም ማንንም አልጠራም፣ እግራችን ነው ያመጣን። ከኋላዬ ተቀምጠው «ቢስሚላህ» አሉ። ጠበቅሁ። ብዙ ጠበቅሁ።

«አዴ፣ ጀምረዋል?»

«ይኸው ተጭኜዋለሁ እኮ።»

«አይሰማኝም።»

ዞሬ ሳያቸው እጃቸው አየር ላይ ነበር። ከዚያ ሰብስበው ጉያቸው አስገቡት። «አልሐምዱሊላህ፤ ከማልቀስ ይሻላል» አሉና የገበያ ወሬ ሳያወሩልኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ ምሽት ላይ ሻይ ይጠሩኝ ነበር፣ እሄድ ነበር፣ እንስቅም ነበር። ግን ያ ሰዓት ቀረ። ጤነኛን ሰው ምን ተብሎ ማጅራቱ ይያዛል? ሕመሙ ሲሄድ ሰበቡን ይዞት ሄደ። ያንን ሕመም መልሱልኝ አልልም፣ እብድ አይደለሁም። ግን የአዴ ጣት ያረፈባት ያቺ ቦታ ብቻዋን መጥፋቷ እስከ ዛሬ ያበሳጨኛል። ከራሴ ሁሉ መርጣ!

ከሮቤ የወጣሁት በመጨረሻ በሕመም ሳይሆን በትዳር ነው። ልጆች መጡ፣ ሥራ በዛ፣ መንገዱ ረዘመ። ስልክ እንደዋወላለን፤ አዴ ስልክ ላይ ሁልጊዜ ይጮሃሉ፣ መስመሩ ሩቅ ስለሆነ መጮህ ያለባቸው ይመስላቸዋል። «ራስሽስ?» ነው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው።

ከብዙ ዓመት በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ጋሪዎቹ ጥቂት ቀርተዋል፤ ባጃጆቹ መንገዱን ወርሰውታል። አዴ በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ዓይናቸው ደክሞ ሰው የሚለዩት በድምፅ ነው። «አዴ፣ ቲቸር ሻሽ ነኝ» ስላቸው ሳቁና አለቀሱ፤ ሁለቱንም አንድ ላይ።

«ራስሽስ?»

«አልሐምዱሊላህ።»

«አየሽ፤ ሼክ ሁሴን ሰው አያስቀይምም» አሉ። ሐኪሙን ጨምሬ ሳነሳባቸው «እሱንም እሱ ነው የላከው» ብለው ዘጉት። ከዚያ በእጃቸው አጠገባቸው ያለውን ዱካ ፈልገው ወደ እግራቸው ሳቡት። ያው ዱካ ነው። ምንም ሳልጠይቅ ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

ጸጉሬን ገለጥ አድርገው ጠባሳውን በዳሰሳ ፈለጉት። ማግኘታቸውን ያወቅሁት «ቢስሚላህ» ሲሉ ነው።

«ዛሬስ ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም፣ አዴ።»

እንደዚያን ምሽት እጃቸውን ይሰበስባሉ ብዬ ነበር። አልሰበሰቡም። ዓይናቸው ከማያየው ገበያ የሰሙትን ወሬ ማውራት ጀመሩ፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ የዛሬ ቅቤ እንዴት እንደከፋ። ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። እነዚያን ዓመታት ሁሉ አውራ ጣታቸውን ስናፍቅ ግራ እጃቸውን ረስቼው ኖሬአለሁ። ግንባሬ መዳፋቸው ውስጥ ነበር። ሙቀቱ፣ ሸካራነቱ፣ ከእርጅና የመጣው መንቀጥቀጥ፣ ያ የቅቤ ሽታ፣ ሁሉም ይሰማኛል። ዓይኔን ጨፍኜ የራሴን ክብደት ለቀቅሁላቸው።

«ከበድሽ እኮ» አሉኝ።

«ይያዙኝ፣ አዴ» አልኳቸው።